ቴዎዶር ሩዝቬልት በናይሮቢ መንገድ

በ1909 በኤፕሪል ወር ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ በወጣው ባቡር ግንባር ላይ መቀመጫ ተሠርቶ ነበር። ጢሱና አቧራው ሳይበግራቸው በዚያ መቀመጫ ላይ ሆነው የሜዳውን አራዊት እየተመለከቱ የሚጓዙት፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ሪዛቸው ወፍራም፣ ዐይናቸው በመነጽር የተጋረደ ሰው፣ ከሰባት ሳምንት በፊት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር የተሰጠ ነው።) ናይሮቢ በዚያን ጊዜ ገና የዐሥር ዓመት ከተማ ነበረች። የምድር ባቡር ሠራተኞች በ1899 ድንኳናቸውን ከተከሉባት ረግረግ ሜዳ ላይ የቆርቆሮ ቤቶች መብቀል ጀምረው ነበር።

እኛ የታሪክ መምህራን የአንድ ታላቅ ሰው ሕይወት አስተምረን ስንጨርስ፣ ከወደ ኋላ ወንበር እጁን የሚያነሣ ተማሪ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይህ ነገር ባይሆን ኖሮስ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጸሓፊ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ፣ ያልሆነ ነገር ታሪክ አይደለም እያለ ሲገሥጽ ኖሯል። የሩዝቬልትን ሕይወት ግን ያለዚህ ጥያቄ መተረክ አይቻልም፤ ሕይወታቸው በየምዕራፉ ለጥቂት ሲተርፍ፣ ለጥቂት ሲቀር ይገኛልና። ስለዚህ ተማሪው ይጠይቅ፤ ነገር ግን አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ይተው፤ ከዚያም ምን እንደሚለወጥ ብቻ ሳይሆን ምን እንደማይለወጥ ይመርምር።

ሩዝቬልት በኦክቶበር 27 ቀን 1858 በኒውዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተ ሰብ ተወለዱ። በሕፃንነታቸው አስም ክፉኛ ያሠቃያቸው ስለ ነበር፣ ሌሊቱን ትራስ ተደግፈው የሚያነጉበት ጊዜ ብዙ ነበር። አባታቸው ሰውነታቸውን በሥራ እንዲያጠነክሩ ስለ መከሯቸው፣ ብረት በማንሣት፣ ቦክስ በመማርና በፈረስ በመጋለብ ደካማውን ሕፃን በራሳቸው ድካም ወደ ጠንካራ ጎልማሳነት ለወጡት። በ1880 ከሃርቫርድ ተመርቀው ወዲያው ወደ ፖለቲካ ገቡ።

በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 ባንድ ቀን፣ ባንድ ቤት ውስጥ፣ እናታቸውና ወጣት ሚስታቸው ሞቱባቸው። ሚስታቸው ከወለዱ ገና ሁለት ቀናቸው ነበር። ሩዝቬልት ሕፃኗን ለእኅታቸው ትተው ወደ ዳኮታ ምድረ በዳ ሄዱና ከከብት እረኞች ጋራ ኖሩ። የበረሃና የአደን ፍቅራቸው በዚያ ሥር ሰደደ፤ በኋላም ወደ ናይሮቢ ያመጣቸው ይኸው ፍቅር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን በፍጥነት እንለፈው። የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነር፣ ቀጥሎም የባሕር ኀይል ምክትል ሚኒስትር ሆኑ። በ1898 ከእስፓኝ ጋራ ጦርነት ሲነሣ ሹመታቸውን ለቀው የበጎ ፈቃደኞች ክፍለ ጦር ይዘው ወደ ኩባ ዘመቱ፤ በሳን ኁዋን ኮረብታ ውጊያም ስማቸው ገነነ። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። የራሳቸው ፓርቲ አለቆች ግን ጥቅማቸውን ስለ ነኩባቸው ከኒውዮርክ የሚያርቋቸውን መንገድ ፈለጉ፤ ያገኙትም የምክትል ፕሬዚዳንትነትን ሹመት ነበር። ሹመቱ ክብር እንጂ ሥልጣን አልነበረውም። በሴፕቴምበር 1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ቡፋሎ ከተማ ላይ በጥይት ተመትተው ከስምንት ቀን በኋላ ሲሞቱ፣ አለቆቹ ሥልጣን ለመንሣት የሸረቡት ሤራ ሰውየውን በ42 ዓመታቸው የአገሪቱ ራስ አደረጋቸው።

በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ታላላቆቹን የንግድ ማኅበሮች ተቆጣጠሩ፤ ሰፊ ደን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረጉ፤ የፓናማን ቦይ ሥራ አስጀመሩ፤ ሩሲያንና ጃፓንን በ1905 አስታርቀው በ1906 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበን በ1903 ያደረጉት ነው። በዚያ ዓመት በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበሩትን ሮበርት ስኪነርን ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ላኩ። ስኪነር ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከዚያም በበቅሎ ተጉዘው አዲስ አበባ ገቡ፤ በዲሴምበር 27 ቀንም የንግድ ውል ተፈረመ። ንጉሠ ነገሥቱ ለፕሬዚዳንቱ አንበሶችና የዝሆን ጥርስ በስጦታ ሰደዱላቸው።

እዚህ ላይ ተማሪው እጁን ቢያነሣ መልካም ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ድሉ የእኛ ባይሆን ኖሮ፣ ስኪነር ውል ለመዋዋል ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበርን? አይመጡም። የንግዱ ጉዳይ በሮማ ይነገር ነበር፤ አንበሶቹም ቢላኩ የሚልካቸው የጣሊያን አገረ ገዥ ነበር። ሩዝቬልት ምኒልክን እንደ ነጻ ንጉሥ ያከበሩት ስለ ጥቁር ሕዝብ የተለየ አስተያየት ስለ ነበራቸው እንዳልሆነ፣ ከስድስት ዓመት በኋላ በናይሮቢ ያሳዩት ጠባይ ይመሰክራል።

ሩዝቬልት በ1904 በተመረጡ ማታ ዳግመኛ ለምርጫ እንደማይቀርቡ ቃል ስለ ገቡ፣ ሥልጣኑን በማርች 1909 ለወዳጃቸው ለታፍት አስረከቡ። ከልጃቸው ከከርሚት ጋራም ለዋሽንግተኑ ለስሚትሶኒያን ሙዚየም አራዊት ለመሰብሰብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተሻገሩ። በናይሮቢ አጠገብ ጁጃ በሚባለው እርሻ ያስተናገዷቸው ዊልያም ኖርስራፕ ማክሚላን የተባሉ አሜሪካዊ ባለጸጋ ናቸው። እኒህ ሰው በ1903 ዓባይን በጀልባ ተከትለው ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ለመውረድ ሞክረው፣ ወንዛችን ጀልባዎቻቸውን ሰባብሮ የመለሳቸው ናቸው።

አባትና ልጅ በገዛ እጃቸው 512 እንስሳት ገደሉ፤ ከነዚህም 17ቱ አንበሶች፣ 11ዱ ዝሆኖች፣ 20ዎቹ አውራሪሶች ነበሩ። ዕቃውን፣ ድንኳኑንና ቆዳው እንዳይበሰብስ የሚታሸበትን ጨው የተሸከሙት ግን በመቶ የሚቆጠሩ አፍሪካውያን ናቸው። ሩዝቬልት ስለ ጉዟቸው በጻፉት መጽሐፍ የተሸካሚዎቹን ብርታትና ታማኝነት አመስግነዋል፤ ይሁን እንጂ ደጋው ምድር ለነጮች መኖሪያ የተመቸ አገር እንደሆነ ከመጻፍ አልተመለሱም። የኪኩዩና የማሳይ ሕዝብ በዚያው ምድር ላይ ይኖር ነበር። ማሳዮች በ1904 ከግጦሽ መሬታቸው ተነቅለው ነበር፤ በ1911 ደግሞ ዳግመኛ ተነቀሉ። የዱር አውሬውን ጠባይ እንዲያ አጥርተው የሚያስተውሉት ዐይኖች፣ ምድሩ የማን እንደሆነ አልጠየቁም።

በ1910 ወደ ኤውሮጳ ተሻግረው በኖርዌይ ስለ ሰላም ሽልማታቸው ንግግር ሲያደርጉ፣ ታላላቆቹ መንግሥታት የሰላም ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ ማኅበሩም ሰላምን የሚያፈርሰውን አስፈላጊ ከሆነ በኀይል እንዲገታ ዐሳብ አቀረቡ። ይህን በልባችን እንያዘው።

አገራቸው ሲመለሱ ከታፍት ጋራ ተጣሉ። በ1912 የሪፑብሊካን ፓርቲ ዕጩነቱን ሲነፍጋቸው የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ። በኦክቶበር 14 ቀን ሚልዋኪ ከተማ ለንግግር ሲሄዱ አንድ ሰው ደረታቸው ላይ ተኮሰ። ጥይቱ በደረት ኪሳቸው የነበረውን፣ ሃምሳ ገጽ ያህል ሆኖ የታጠፈውን የንግግር ጽሑፍና የብረት የመነጽር ማኅደራቸውን በስቶ ኀይሉ ስለ ደከመ፣ ከጎድን አጥንታቸው ዘንድ ቆመ። ደማቸው እየፈሰሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ፤ ጥይቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው ከሰውነታቸው አልወጣም። ንግግሩ አጭር ቢሆን ኖሮ ተናጋሪው በሞተ ነበር። ረዥም ንግግር ሰውን ሲያድን የታየው ምናልባት በዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

በምርጫው ዊልሰን 6.3 ሚሊዮን፣ ሩዝቬልት 4.1 ሚሊዮን፣ ታፍት 3.5 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ። የሁለቱ ተጣይ ወዳጆች ድምፅ ቢደመር ከዊልሰን ይበልጣል። ስለዚህ ፓርቲው በዚያ በጋ ሩዝቬልትን ዕጩ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ በዋሽንግተን የሚገኙት እሳቸው ሊሆኑ በቻሉ ነበር።

ጦርነቱ ናይሮቢ ድረስ ደርሷል። እንግሊዞች በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ከፎን ሌቶው ፎርቤክ ጋራ ሲዋጉ፣ የጭነት ከብት በቆላ ዝንብ ስላለቀ፣ ስንቅና ጥይት በሰው ጀርባ ሆነ። ከየመንደሩ የተመለመሉት የተሸካሚዎች ጓድ የሰፈረበት የናይሮቢ ክፍል፣ የጓዱ የእንግሊዝኛ ስም በስዋሂሊ አንደበት ተለውጦ፣ እስከ ዛሬ ካሪዮኮር ይባላል። በወባ፣ በተቅማጥና በረኃብ የሞቱት በዐሥር ሺህዎች ይቈጠራሉ። ትልቁ ምልመላ የተደረገው በ1917 ነው።

እንግዲህ ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ቢሆኑና፣ ሉሲታንያ የተባለችው መርከብ በሜይ 1915 ስትሰጥም አሜሪካ ወዲያው ወደ ጦርነቱ ብትገባ፣ ጦርነቱ ቀድሞ አልቆ የ1917ቱ ምልመላ ይቀር ነበርን? ተማሪ አዎን ለማለት ይቸኩላል። መምህሩ ግን ሁለት ነገር ያስታውሰው። አንደኛ፣ ሩዝቬልት ራሳቸው በ1914 መጀመሪያ ላይ ስለ ቤልጅግ ብሎ መዋጋት ይገባል አላሉም ነበር፤ ቁጣቸው የመጣው በኋላ ነው። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ መደበኛ ጦር በዚያን ጊዜ መቶ ሺህ ሰው ያህል ብቻ ስለ ነበር፣ ሠራዊት አሠልጥኖ ባሕር ማሻገር ከዓመት በላይ ይፈጅ ነበር። ጦርነቱ ባጠረ ይሆናል፤ ተሸካሚውን ከጎጆው የሚያወጣው ሥርዐት ግን ፕሬዚዳንት ቢለወጥ አይለወጥም ነበር።

በ1917 አሜሪካ ስትዘምት ሩዝቬልት ዊልሰንን ዘንድ ሄደው ክፍለ ጦር ይዘው እንዲዘምቱ ለመኑ፤ ተከለከሉ። አራቱ ወንዶች ልጆቻቸው ግን ዘመቱ። በጁላይ 14 ቀን 1918 የመጨረሻው ልጃቸው ኩዌንቲን በፈረንሳይ ሰማይ ከአውሮፕላኑ ጋራ ወደቀ። ጦርነትን ሲያወድሱ የኖሩት አባት ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆዩም። በጃንዋሪ 6 ቀን 1919 በኦይስተር ቤይ ቤታቸው፣ በእንቅልፋቸው ላይ ሳሉ፣ በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

ብዙዎች በ1920 ዳግመኛ ፕሬዚዳንት ይሆናሉ ብለው ይጠብቋቸው ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናቸው የሚጽፉት ስለ መንግሥታት ማኅበር ነበር፤ ዊልሰን እንዳሰቡት ሳይሆን ወሰን ያለው እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። ከሞቱ በኋላ ሴኔቱ፣ በአሮጌው ወዳጃቸው በሎጅ መሪነት፣ ውሉን በ1919ና በ1920 ስላልተቀበለው አሜሪካ ከማኅበሩ ውጭ ቀረች። ለእኛ መዘዙ የታየው በ1935 ነው። ጣሊያን በወረረችን ጊዜ ማኅበሩ በወራሪው ላይ የንግድ ቅጣት ሲወስን ነዳጅ ዘይትን ሳይጨምር ቀረ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ከማኅበሩ ውጭ ያለችው አሜሪካ ትሸጥለታለች የሚል ነበር። ሩዝቬልት አምስት ዓመት ቢጨመርላቸውና ሎጅን አግባብተው አሜሪካን ከማኅበሩ ቢያስገቡ፣ ይህ ምክንያት ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ፈረንሳይና እንግሊዝ ሙሶሊኒን ላለማስቀየም የነበራቸው ምኞት በዚያው ይኖር ነበር፤ ሌላም ምክንያት ባላጡ ነበር። ይህ ጸሓፊ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ አውጥቶ አውርዶ፣ በ1936 ጄኔቭ ላይ የደረሰብን ሊቀር ይችል ነበር ለማለት አልደፈረም፤ ሊቀር አይችልም ነበር ለማለትም አንጀቱ እንቢ አለው።

በዚያ ወረራ ምክንያት ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ከገቡት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በኢሲዮሎ በስደተኛ ሰፈር ተቀመጡ። ሩዝቬልት በ1909 ቀጭኔና የሜዳ አህያ ያደኑበት የሰሜኑ የጉዋሶ ኒዬሮ ወንዝ ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ናይሮቢ የሄደ መምህር በመካከለኛው ከተማ የማክሚላንን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ያገኛል። በ1931 ተከፍቶ፣ ለብዙ ዓመታት ለኤውሮጳውያን ብቻ ሲያገለግል ኖሮ፣ በኋላ ለሁሉ የተከፈተ ነው። ከዚያ በእግር ጥቂት እንደ ተጓዘ፣ በታላቁ የኬንያታ ጎዳና ዳር ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ቆመዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ጠመንጃ የሌለው ተሸካሚ ነው። ከሐውልቱ ሥር በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ምስጋና አለ፤ የማንም ተሸካሚ ስም ግን የለበትም።