የአየር መሐንዲሱ ዊሊስ ካሪየር

በባለ ቀለም ሕትመት ሥራ አንድ ወረቀት በማተሚያው ውስጥ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ አንደኛው ቀለም፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው በየተራ ይታተምበታል። በዚህ መካከል ወረቀቱ ጥቂት እንኳ ከሰፋ ወይም ከጠበበ ቀለሞቹ ይዛነፋሉ፤ ለከንፈር የታሰበው ቀይ ቀለም አገጭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን በተባለው ክፍል ይሠራ የነበረውን የሳኬትና ዊልሄልምስ ማተሚያ ድርጅት ያስጨነቀው ይኸው ነበር። በበጋው ወራት አየሩ ሲወብቅ ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። በዚህም ምክንያት ወረቀት ይባክን፣ ሥራም ይጓተት ነበር። እንከኑ ግን ከማተሚያው ሳይሆን ከአየሩ ነበር።

በ1902 ዓ.ም. ጉዳዩ ቡፋሎ ፎርጅ ለተባለው የማሞቂያና የአየር መንፊያ መሣሪያዎች ፋብሪካ ቀረበ። (በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካውም ሥራውን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና አንድ ዓመት ለሆነው፣ ለ25 ዓመቱ መሐንዲስ ለዊሊስ ካሪየር ሰጠው።

ካሪየር ኖቬምበር 26 ቀን 1876 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ግዛት፣ አንጎላ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እናቱ የተበላሸ ሰዓትና የልብስ ስፌት መኪና ፈትታ የምትጠግን ብልህ ሴት ነበረች። ልጇ በዘጠኝ ዓመቱ የክፍልፋይ ሒሳብ አልገባው ቢል፣ ፖም አስመጥታ ለሁለት፣ ለአራትና ለስምንት እያስቆረጠች መደመርና መቀነስን በእጁ አስዳሰሰችው። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ እርሷ ሞተች። ካሪየር ግን ከባድ ጥያቄ በገጠመው ቁጥር እንደ ፖሙ ከፋፍሎ ማየትን አልተወም። የገበሬው ኑሮ እየከበደ በመሄዱ ለጥቂት ጊዜ በመምህርነት ሠርቶ ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። የምግቡንና የመኝታውን ወጪ የሚሸፍነው ሣር እያጨደ፣ ምድጃ እያነደደና በምግብ አዳራሽ እያስተናገደ ነበር። በ1901 ዓ.ም. ተመርቆ በሳምንት በ10 ዶላር ደመወዝ ቡፋሎ ፎርጅ ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ መሐንዲሶች የማሞቂያ ቱቦ ሲነድፉ በአብዛኛው በግምት ይሠሩ ነበር። ካሪየር ይህን አልወደደውም። በትርፍ ሰዓቱ አየር በቱቦዎች መካከል ሲያልፍ ምን ያህል ሙቀት እንደሚወስድ እየለካ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። የብሩክሊን ጥያቄ ሲመጣለት በእጁ የነበረው ዋና መሣሪያ ይኸው ሠንጠረዥ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራው አልሰመረም። አየሩን ካልሲየም ክሎራይድ የተባለ ጨው በተነከረበት ጆንያ ውስጥ ቢያሳልፈው እርጥበቱ ቀነሰ፤ ጨው የያዘው አየር ግን ብረትን የሚበላ ሆነ። ከዚህ በኋላ ጥያቄውን ገለበጠው። በማሞቂያው ቱቦ ውስጥ እንፋሎት የሚያልፍ ከሆነ፣ በእንፋሎቱ ምትክ ቀዝቃዛ ውኃ ቢያልፍስ? በበጋ ቀን በቀዝቃዛ ብርጭቆ ላይ ጤዛ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የአየሩም እርጥበት በቱቦው ላይ ወደ ውኃነት ተለውጦ ይንጠባጠባል። ንድፉ የተጠናቀቀው ጁላይ 17 ቀን 1902 ዓ.ም. ነበር። ዕቅዱም የማተሚያ ክፍሉን እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ከመቶ 55 ላይ፣ ሙቀቱን በበጋ 27፣ በክረምት 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ላይ ለማቆየት ነበር። ከቱቦዎቹ አንዱ ክፍል በጉድጓድ ውኃ፣ ሌላው በአሞኒያ መጭመቂያ መኪና ይቀዘቅዝ ነበር።

ያም ሆኖ ካሪየር በሥራው አልረካም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ በፒትስበርግ የባቡር ጣቢያ በጭጋግ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ነገር ታየው። ጭጋግ እርጥበት የጠገበ አየር ነው፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን የያዘው ውኃ ጥቂት ነው። እንግዲያውስ አየርን በቀዝቃዛ የውኃ ፍንጣቂ ውስጥ አሳልፎ በተፈለገው ሙቀት ላይ እንዲጠግብ ማድረግ፣ የእርጥበቱን መጠን መወሰን ማለት ነው። በውኃ አየርን ማድረቅ ለሰሚው እንቆቅልሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የፈጠራ መብቱ ጃንዋሪ 2 ቀን 1906 ዓ.ም. ጸደቀለት።

መንገዱ ሁሉ ግን ቀና አልነበረም። በሚዙሪ ግዛት በአንድ የመስታወት ፋብሪካ የተከለው የጋዝ ማጣሪያ የተገባለትን ውል ሊያሟላ አልቻለም። ካሪየር እንቅልፍ አጣ፤ ሆዱም ታወከ። በኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ከሁሉ የከፋው ምን ሊሆን እንደሚችል ቁጭ ብሎ አሰላ፤ ድርጅቱ 20,000 ዶላር ይከስራል፣ እርሱም ምናልባት ሥራውን ያጣል። ይህን በልቡ ከተቀበለ በኋላ መሣሪያውን እንደገና ፈተሸ። የ5,000 ዶላር ተጨማሪ ዕቃ ቢገጠም እንደሚሠራም አገኘ፤ ሠራም።

በ1911 ዓ.ም. የሙቀትን፣ የእርጥበትንና የጤዛን ዝምድና የሚያሳዩ ቀመሮቹን ለአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አቀረበ። ዛሬ በድሬዳዋ ወይም በሰመራ በቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፕሊት አላቀዘቅዝ ሲል ምክንያቱን የምናገኘው በዚሁ ዕውቀት ነው። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው ቁጥሩን ወደ 16 ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህ ግን የታመመውን መኪና ይበልጥ ማስጨነቅ ብቻ ይሆናል። አስቀድሞ መኪናው ለማቀዝቀዝ መታዘዙን፣ ለማናፈስ ብቻ አለመታዘዙን ማየት ይገባል። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ይታይ። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ በቱቦው ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ቱቦው ከመጠን በላይ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛውም በረዶ ይሆናል። በረዶው ደግሞ የቀረውን የአየር መንገድ ይዘጋል። መድኃኒቱ መኪናውን አጥፍቶ በረዶውን ማቅለጥ፣ ማጣሪያውንም አጥቦና አድርቆ መመለስ ነው። በውጭ ያለው ክፍል በአቧራ ወይም በተከመረ ዕቃ ከታፈነም ሙቀቱን የሚያራግፍበት ያጣል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ በረዶው ከተመለሰ ምናልባት ጋዙ ጎድሏል። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ሳይፈልግ ጋዝ ብቻ የሚሞላ ባለሙያ ብዙም ሳይቆይ መመለሱ አይቀርም። በብርድ አገር ስፕሊት የጋዙን አቅጣጫ ገልብጦ ቤት ያሞቃል፤ በዚህ ጊዜ የሚቀዘቅዘው የውጭው ቱቦ ስለሆነ፣ ያዘለውን ውርጭ ለማቅለጥ አልፎ አልፎ ለጥቂት ደቂቃ ሙቀት መስጠቱን ቢያቋርጥ ብልሽት አይደለም።

በ1915 ዓ.ም. ካሪየርና ስድስት ባልደረቦቹ 32,600 ዶላር አዋጥተው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ1922 ዓ.ም. ለሕዝብ ያሳየው አዲስ ማቀዝቀዣ መርዛማውን አሞኒያ በሌላ ፈሳሽ የተካ በመሆኑ ብዙ ሰው ወደሚሰበሰብበት አዳራሽ ለመግባት ቻለ። በ1925 ዓ.ም. የበጋ መባቻ በኒው ዮርክ ሪቮሊ ሲኒማ ቤት የተደረገው ምረቃ ግን በጭንቀት የተሞላ ነበር። መኪናው ዘግይቶ በመነሳቱ አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ጋለ፤ ተመልካቹም ማራገቢያውን ያርገበግብ ነበር። ካሪየርና ጓደኞቹ ከኋላ ቆመው ማራገቢያዎቹን ያዩ ነበር። ቀስ በቀስ አንዱ ቆመ፣ ሌላውም ቆመ፤ በመጨረሻም ሁሉም በየጭኑ ላይ አረፈ።

ዊሊስ ካሪየር ኦክቶበር 7 ቀን 1950 ዓ.ም. በ73 ዓመቱ በኒው ዮርክ ከተማ ሞተ። ስፕሊት በየቤቱ የተሰራጨው ከእርሱ ሞት በኋላ ነው።