ዐፄ ቴዎድሮስና የታፈነ ጋዝ ኀይል

ከአገራችን ነገሥታት መካከል ስማቸው ከሕፃንም ከሽማግሌም አፍ የማይጠፋው ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ስለ ጀግንነታቸውና ስለ ቍጣቸው ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን የምተርከው በክፍላችን ከምንማረው ፊዚክስ ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው፤ ይኸውም የታፈነ ጋዝን ኀይል በአገራቸው ሰው እጅ ለማስገባት ያደረጉት ድካም ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ካሣ፣ አባታቸው ኃይሉ፣ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ይባሉ ነበር። በልጅነታቸው በገዳም ተምረዋል። ካደጉ በኋላ በቋራ በረሓ ሸፈቱ፤ ዝናቸውም እየገነነ ስለ ሄደ ራስ ዓሊ ልጃቸውን ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩላቸው።

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ፣ ደባርቂ በተባለ ስፍራ፣ ከግብጽ ጦር ጋር ገጠሙ። ጭፍሮቻቸው በድፍረት ቢወረወሩም ከምሽግ ውስጥ የሚተኮሰው መድፍ አረገፋቸው። ካሣ ከዚያ ቀን ወዲህ ልበ ሙሉነት ብቻውን መድፍን እንደማይመክት ዐወቁ።

እንግዲህ የመድፍ ኀይል ከምን ይመጣል? ደረቅ በረዶን እንመልከት። ደረቅ በረዶ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው። ሲሞቅ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ጋዝ ይሆናል፤ 1 ኪሎውም ከ500 ሊትር የሚበልጥ ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መውጫ ካጣ ዕቃውን ከውስጥ ይገፋል። በውጭ አገር በዚህ ግፊት ኳስና ድንች የሚያስወነጭፉ ቧንቧዎችን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ዕቃው ደካማ ከሆነ ቀድሞ የሚፈነዳው እርሱ ነው፤ ደረቅ በረዶ ተከትቶበት የተከደነ ጠርሙስም ሳይታሰብ ፈንድቶ ሰው ያቈስላል። ባሩድም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ በእሳት አማካይነት በቅጽበት ጋዝ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኀይሉን ማግኘት አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ኀይሉን ችሎ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመራ ዕቃ መሥራት ነው።

ካሣ በ1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹን በጉር አምባ፣ ራስ ዓሊንም በአይሻል አሸነፉ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤን በደራስጌ ድል አድርገው፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ወዲያው ከተመኟቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ዕቃ ነበር፤ ገዝተው ሳይሆን በአገራቸው አሠርተው።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለች ስፍራ የብረታ ብረት ሥራ አቋቋሙ። ከስዊስ አገር የመጡትን ዋልድማየርንና ጓደኞቹን በዚያ አስቀመጧቸው። እነዚህ ሰዎች የመጡት ወንጌል ለመስበክ ስለ ነበር መድፍ ማቅለጥ አናውቅም ቢሉ ንጉሡ አስገደዷቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም። ነሐሱ በደንብ ካልቀለጠ ወይም ቅርጹ እርጥበት ካለው በብረቱ ውስጥ እንፋሎት ይቀራል፤ ያም ክፍተት ባሩዱ ሲቃጠል መድፉ የሚሰነጠቅበት ይሆናል። ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ከእነርሱ ጋር ይሠሩ ነበር። ቀጥቃጭና ሸማኔ በሚናቁበት በዚያ ዘመን ንጉሥ እጁን ከሠራተኛ ጋር ማቈራኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ የሸማኔ እጅ በሚያስከብራት በሽሮ ሜዳ ለምንማር ልጆች ይህ ሊሰማን ይገባል።

በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። መልስ ሲቀርባቸው ተቈጡና በ1856 ዓ.ም. ቆንሲሉን ካሜሮንን፣ ሌሎችንም አውሮፓውያን አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ባለሙያና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ እስከ ምጽዋ መጡ፤ ነገር ግን እስረኞቹ ስላልተፈቱ ወደ ንጉሡ ሳይደርሱ ቀሩ። የሚፈልጉትን ዕውቀት የከለከላቸው የገዛ ሰንሰለታቸው ሆነ።

ጋፋት ግን ሴባስቶፖልን ወለደች። ይህ መድፍ 7 ቶን ያህል የሚመዝን፣ አጭርና አፈ ሰፊ፣ ግድግዳውም ወፍራም ነው። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሰው ጉልበት እየተጐተተ፣ የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ፣ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ያበጁ ነበር። በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ፣ መድፉን ከሕንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች አስጭኖ ከቀይ ባሕር ዳርቻ እየገሠገሠ ነበር።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ ጦርነት ሆነ። ከፋላ ኮረብታ የተተኰሱት የንጉሡ መድፎች ብዙ አልጐዱም፤ የእንግሊዞች ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ግን 700 ያህል ኢትዮጵያውያንን ገደለ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጣቸው ሞቱ። አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሄዱ፤ የጋፋትም ምድጃ ቀዘቀዘ።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አለ። አምሳያውንም በቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ እናየዋለን። ያንን መድፍ የሚያይ ሰው የንጉሡን ብርታትና ስሕተት አብሮ ይመልከት። ኀይል ያለ ጠንካራ ዕቃ ባለቤቱን እንደሚያጠፋ ሁሉ፣ ዕውቀትም በግድ ሲገኝና ለትውልድ ሳይተላለፍ ሲቀር ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፉን ዕቃ አሠርተዋል፤ የዕውቀቱን ዕቃ መሥራት ግን ለእኛ ለተማሪዎች የቀረ ሥራ ነው።