ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ

በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ስለ አንድ ስደተኛ ጥቂት ልጽፍ ወደድኩ። እኛ ከአገራችን ወጥተን በሰው አገር እንኖራለን። እርሳቸው ደግሞ ከሰው አገር መጥተው በእኛ አገር የኖሩ ናቸው።

ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የጢሮስ ልጆች ነበሩ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሜሮጵዮስ ከሚባል ፈላስፋ ዘመዳቸው ጋር በመርከብ ሲጓዙ፥ ውሃና ስንቅ ለመያዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ ቆሙ። የአካባቢው ሰዎች ከሮማውያን ጋር የነበራቸው ውል ፈርሶ ስለነበር በመርከቡ የነበሩትን ገደሏቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ሲያጠኑ ተገኙና ታዝኖላቸው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ መጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስ ደግሞ ሒሳብና ጽሕፈት ያዥ ሆኑ።

ንጉሡ ሲሞቱ ነጻ ለቀቋቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጃቸው እስኪያድግ መንግሥቱን እንዲያግዙ ለመኗቸውና ቀሩ። እንግዲህ ሥልጣን በፍሬምናጦስ እጅ ገባ። አዋጅ አላስነገሩም፤ ሕዝቡን ከአምልኮው በግድ አላስወጡም። ከሮማውያን ነጋዴዎች መካከል ክርስቲያን የሆኑትን ፈልገው ለጸሎት እንዲሰበሰቡ ፈቀዱላቸው፤ መሥሪያ ቦታም ሰጧቸው። እኔም ነጋዴ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ ደጋግሜ አስበዋለሁ። የአክሱም ሰው የክርስቲያንን ጠባይ መጀመሪያ ያየው በገበያ፥ በሚዛን ላይ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን አንድ ቀን በሱቄ ውስጥ የሌላ እምነት ተከታይ የሆነ ሰው በክርክር ልርታ ብዬ፥ ደንበኛም ጎረቤትም አጥቻለሁ።

ልዑሉ ሲያድግ ሁለቱ አደራቸውን አስረክበው ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወደ ወላጆቹ ሮጠ። ፍሬምናጦስ ግን አገራቸው ሳይገቡ ወደ እስክንድርያ ሄደው፥ ለአክሱም ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክ አባ አትናቴዎስን ለመኑ። ለራሳቸው ሹመት አልጠየቁም። አትናቴዎስ ግን እርሳቸውኑ ሾመው መለሷቸው።

ከዚያም በኋላ ነገሩ በእርጋታ ሄደ። ንጉሥ ኢዛና ቀድሞ ራሳቸውን የመሕረም ልጅ ይሉ ነበር፤ በገንዘባቸውም ላይ የጨረቃ ምልክት ነበረበት። ኋላ በቦታው መስቀል ገባ። በግዕዝ ባስቀረጹት አንድ ድንጋይ ላይ ድሉን የሰጣቸው የሰማይ ጌታ መሆኑን ብቻ ይገልጻሉ። ግሪክኛ ለሚያነበው ያስቀረጹት ግን አብን፥ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት የግዕዙ አነጋገር የቀድሞውን እምነት ያልተወውን ሕዝብ ላለማስደንገጥ ነው። የአባ ሰላማ ምክር ይኑርበት አይኑርበት ድንጋዩ አይነግረንም፤ እኔ ግን ጠረናቸው ይሸተኛል።

በ356 እ.ኤ.አ. ገደማ የሮማው ቄሣር ቆንስጣንጢዮስ አርዮሳዊ ስለነበር፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሰው በአዲሱ ጳጳስ እንዲመረመሩ ለኢዛናና ለወንድማቸው ደብዳቤ ጻፈ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን በአትናቴዎስ እምነት ጸናች። የአባ ሰላማንም መታሰቢያ ሐምሌ 26 ቀን ታከብራለች።

ኤዴስዮስ በጢሮስ ቄስ ሆኖ ኖረ። ይህን ሁሉ ለታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ የነገረው እርሱ ነው።