የሁለቱ ነጥቦች ባለቤት፦ ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ

የኬሚስትሪ መምህር የሃይድሮጅንን ምልክት በሰሌዳ ላይ ሁለት ጊዜ ጽፎ በመካከላቸው ሁለት ነጥቦች ሲያኖር፣ የነጥቦቹ አሳቢ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው። እንኳን ተማሪው መምህሩም ዘወትር አያስታውሰውም። የማኅበራችን አባላት ግን ይህን ሰው በቅርብ ሊያውቁት ይገባል።

ጊልበርት ኒውተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1875 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያደገው በነብራስካ ሲሆን፣ የልጅነት ትምህርቱን በአብዛኛው በቤቱ ቀሰመ። በ1899 በሃርቫርድ የዶክትሬት ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ፣ በጀርመን አገር ከኦስትቫልድና ከኔርንስት ዘንድ ሠርቶ ተመለሰ። በ1912 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ በርክሌይ ተዛወረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ፈረንሳይ ከዘመተበት ጊዜ በቀር የቀረው ዕድሜው በዚያ አለፈ።

የታወቀበት ሐሳብ ግን የተፀነሰው ገና በ1902 ለጀማሪዎች ሲያስተምር ነበር። አቶምን እንደ ኩብ ሥሎ፣ ኤሌክትሮኖቹን በስምንቱ ማዕዘኖች ላይ አስቀመጣቸው። ሥዕሉን ለዐሥራ አራት ዓመታት ያህል ሳያሳትም አቆየው፤ በዚያን ጊዜ በሃርቫርድ ስለ አቶም ውስጣዊ አሠራር መላምት መደርደር በበላዮች ዘንድ የተወደደ ነገር አልነበረም።

የጊዜው እንቆቅልሽ የሚከተለው ነበር። በገበታ ጨው ውስጥ ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ይሰጣል፤ ሰጪው አዎንታዊ፣ ተቀባዩ አሉታዊ ሙል ይይዙና ይሳሳባሉ። ይህ አስረጂ ለጨው በቂ ነው። ነገር ግን ሁለት የክሎሪን አቶሞች ሲተሳሰሩ ሰጪው የትኛው፣ ተቀባዩስ የትኛው ነው? በምንም የማይበላለጡ ናቸውና። ሉዊስ በ1916 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰጪም ተቀባይም የለም ሲል መለሰ። ሰባት የውጭ ኤሌክትሮኖች ያሉት እያንዳንዱ ክሎሪን አንድ አንድ ያዋጣል፤ ጥንዱም በሁለት ማሳዎች መካከል እንዳለ ወሰን ለሁለቱም ይቆጠርና እያንዳንዱ ስምንት ይሞላለታል። በሃይድሮጅንና በክሎሪን መካከል ያለው ጥንድ ደግሞ ወደ ክሎሪን ያዘነብላል። ስለዚህ እኩል መጋራትና ፈጽሞ መስጠት የአንድ ነገር ሁለት ዳርቻዎች እንጂ የተለያዩ ሕግጋት አይደሉም። በእኔ ግምት የጽሑፉ ትልቁ ፍሬ ይህ ነው፤ በየክፍሉ ግን ሁለቱን ትስስሮች በግንብ የተለያዩ አስመስለን እናስተምራለን።

ኩቡ እንከን ነበረበት። ሁለት ኩቦች በጠርዝ ቢገጥሙ አንድ ጥንድ፣ በገጽ ቢገጥሙ ሁለት ጥንድ ይጋራሉ፤ የናይትሮጅንን ሦስት ጥንድ ግን በምንም መንገድ አያሳዩም። ሉዊስ ራሱ በዚያው ጽሑፍ ጥንዶቹን ወደ አራት ማዕዘኖች ሰብስቦ ኩቡን ተወው። እርስ በርስ የሚገፋፉ ኤሌክትሮኖች ስለ ምን እንደሚጣመሩ ግን ማስረዳት አልቻለም፤ የኩሎምብ ሕግ በጣም ቅርብ በሆነ ርቀት አይሠራ ይሆናል እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ለሃይድሮጅን ሞለኪዩል መልሱን በኳንተም ሜካኒክስ የሰጡት ሃይትለርና ሎንዶን ናቸው፤ ይኸውም በ1927።

ከ1919 ጀምሮ አርቪንግ ላንግሚዩር ሐሳቡን አስፋፍቶ፣ ኮቫለንት የሚለውንም ስም አውጥቶ በየጉባኤው አስተማረ። ላንግሚዩር የሉዊስን ቀዳሚነት አልካደም። ሆኖም አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበር፣ ሰሚዎች ሐሳቡን በእርሱ ስም መጥራት ጀመሩ። ዝምተኛው ሉዊስ እጅግ ተከፋ፤ በ1923 ስለ ቫለንስ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ዓመት አሲድ ማለት የኤሌክትሮን ጥንድ ተቀባይ፣ ቤዝ ማለት ጥንድ ሰጪ ነው የሚለውንም ፍቺ አቀረበ።

ላንግሚዩር በ1932 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፣ የተሸለመው ስለ ትስስር ሳይሆን ስለ ገጽታ ኬሚስትሪ ነበር። በ1934 ደግሞ የሉዊስ የቀድሞ ተማሪ ሃሮልድ ዩሪ ከባድ ሃይድሮጅንን በማግኘቱ ተሸለመ፤ ንጹሕ ከባድ ውኃን ቀድሞ ያዘጋጀው ግን ሉዊስ ነበር። እርሱ ከአርባ ጊዜ በላይ ቢጠቆምም አንድም ጊዜ አልተሰጠውም። በዚያው ዓመት ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ወጣ።

መጋቢት 23 ቀን 1946፣ በሰባ ዓመቱ፣ በቤተ ሙከራው ወድቆ ተገኘ። በፈሳሽ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ሙከራ ያካሂድ ስለ ነበር፣ የአሟሟቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያነጋግራል፤ በይፋ የተመዘገበው ግን የልብ ሕመም ነው።