አሮን ላፍኪን ዴኒሰን

አሮን ላፍኪን ዴኒሰን (ማርች 6 ቀን 1812 – ጃንዋሪ 9 ቀን 1895 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ ሰዓት ሠሪና የፋብሪካ መሥራች ነበር። የኪስ ሰዓት በማሽን፣ እርስ በርስ ሊተካኩ ከሚችሉ ክፍሎች በብዛት እንዲሠራ መንገዱን ስለከፈተ የአሜሪካ የሰዓት ኢንዱስትሪ አባት ይባላል። ሆኖም ካቋቋማቸው የሰዓት ፋብሪካዎች አንዱም በእጁ አልጸናም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሙያ ጅማሬ

ዴኒሰን የተወለደው በሜይን ክፍላገር በፍሪፖርት ከተማ ነው። አባቱ ጫማ ሠሪ ነበር። በ18 ዓመቱ በብራንስዊክ ከተማ ጄምስ ኬሪ ከተባለ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። በ1833 ወደ ቦስተን ሄዶ ተቀጠረ፤ በ1839 የራሱን ሱቅ ከፈተ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት የኪስ ሰዓቶች በአብዛኛው ከእንግሊዝና ከስዊዘርላንድ የመጡ ነበሩ። እያንዳንዱ ሰዓት በሞረድ እየተስተካከለ በእጅ ስለሚሠራ የአንዱ ጥርስ ለሌላው አይገጥምም፤ ሲሰበር ጠጋኙ አዲሱን ራሱ መቅረጽ ነበረበት። ዴኒሰን ውድ በሚባሉት ሰዓቶች ውስጥ እንኳ የልክ አለመመሳሰል ያይ ነበር። ለሰዓት ሞላ ወጥ መለኪያ ያበጀው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ መለኪያው በስሙ ይጠራል።

በ1844 ለጌጣጌጥ ነጋዴዎች የሚሆን የካርቶን ሣጥን ማሠራት ጀመረ። ሥራውን በኋላ ለወንድሙ ለኤሊፋሌት ተወለት። የዛሬው ኤቨሪ ዴኒሰን ኩባንያ ከዚህ የሣጥን ሥራ የመነጨ ነው።

የዋልታም ፋብሪካ

በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የአንዱ ጠመንጃ ክፍል ለሌላው እንዲገጥም ሆኖ በማሽን ይሠራ ነበር። ዴኒሰን ይህን ዘዴ ለሰዓት ማዋል ፈለገ። የሰዓት ክፍሎች ከጠመንጃ ክፍሎች እጅግ ያነሱ ስለሆኑ ብዙዎች ሐሳቡን እንደ ቅዠት ቆጠሩት። ያመኑት ኤድዋርድ ሃዋርድና ዴቪድ ዴቪስ ነበሩ፤ ሳሙኤል ከርቲስ ገንዘብ ጨመረላቸውና በ1850 ገደማ በቦስተን አጠገብ በሮክስበሪ ሥራ ጀመሩ።

ችግሩ ማሽኖቹን የሚሸጥ ሰው አለመኖሩ ነው። ሰዓቱን ከመሥራት በፊት ሰዓት የሚሠራውን ማሽን መፍጠር ያስፈልግ ነበር። የዴኒሰን የመጀመሪያ ንድፍ፣ አንዴ ከተሞላ ስምንት ቀን የሚሄድ ሰዓት፣ ጊዜን በትክክል ባለመጠበቁ ተተወ። ለሽያጭ የበቃ ሰዓት የወጣው በ1853 ነው። በሮክስበሪ አቧራ ስላስቸገረ በ1854 ፋብሪካው በቻርልስ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዋልታም ተዛወረ። የተመረተው ግን ወጪውን አልሸፈነም፤ በ1857 ኩባንያው ከሰረና ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ። ገዢው ሮያል ሮቢንስ የተባለ ነጋዴ ነበር።

ዴኒሰን በመሠረተው ፋብሪካ ተቀጣሪ ሆኖ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ ከአዲሶቹ ባለቤቶች ጋር ስላልተስማማ ተሰናበተ። ጊዜው ክፉ ነበር፤ ወዲያው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ዋልታም ዊልያም ኤለሪ የተባለውን ርካሽ ሰዓት ለወታደሮች በብዛት ሸጦ ትልቅ ትርፍ አገኘ።

ትሬሞንትና እንግሊዝ

በ1864 ዴኒሰን በቦስተን የትሬሞንት ሰዓት ኩባንያን አቋቋመ። ጥቃቅኖቹን ክፍሎች የእጅ ዋጋ ርካሽ በሆነባት በስዊዘርላንድ እያሠራ፣ የቀሩትን በቦስተን ማምረትና መገጣጠም ነበር ዕቅዱ። ራሱም ስዊዘርላንድ ተቀመጠ። ባለአክሲዮኖቹ በ1866 ሁሉም ነገር በሜልሮዝ ከተማ ይሠራ ብለው ሲወስኑ ተቃውሞ ለቀቀ። ኩባንያው በ1868 ሥራውን አቆመ፤ በዚህ ጉዳይ እንኳ ትክክለኛው እርሱ እንደነበር መናገር ይቻላል።

ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በበርሚንግሃም ከተማ ኖረ። በ1870ዎቹ የሰዓት ቀፎ መሥራት ጀመረ። ከመጀመሪያ ደንበኞቹ አንዱ ቀድሞ ያባረረው የዋልታም ኩባንያ የለንደን ቢሮ ነበር፤ ከአሜሪካ ለሚላኩት የዋልታም ሰዓቶች ቀፎውን የሚሠራው ዴኒሰን ሆነ።

በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርዒት የዋልታም ማሽኖች ሲታዩ የስዊዘርላንድ ሰዓት ሠሪዎች ደነገጡ። የሎንጂን መሐንዲስ ዣክ ዳቪድ የአሜሪካን ፋብሪካዎች አጥንቶ፣ ስዊዘርላንድም በማሽን መሥራት እንዳለባት የሚያስጠነቅቅ ዘገባ አቀረበ። ዴኒሰን በዚያን ጊዜ በርሚንግሃም ውስጥ ቀፎ ይሠራ ነበር።

በ1895 በ82 ዓመቱ በዚያው ከተማ አረፈ። የቀፎ ፋብሪካውን ልጁ ፍራንክሊን ተረክቦ አስፋፋው፤ ለሮሌክስ ጭምር ቀፎ ሲያቀርብ ቆይቶ በ1967 ተዘጋ።