አምበሉ በሌለበት የታጣው ዋንጫ

የአንድ አለቃ ዋጋ የሚታወቀው በሥራው ላይ ሳለ ብቻ አይደለም። ከቦታው ርቆ በሄደ ጊዜ ባልደረቦቹ የሚሠሩት ሥራም ስለ እርሱ ብዙ ይመሰክራል። ይህን ነገር ከሚያስረዱት የስፖርት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የራግቢ ተጫዋች ሃሮልድ ዋግስታፍ ነው። ዋግስታፍ በዘመኑ ብዙ ዋንጫ አንሥቶአል፤ ነገር ግን የሕይወቱን ታሪክ የሚመረምር ሰው በተለይ ልብ የሚለው እርሱ ያልተጫወተበትን አንድ የፍጻሜ ግጥሚያ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ዋግስታፍ በሜይ 19 ቀን 1891 በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሽር አውራጃ፣ ሆልምፈርዝ በምትባል የሱፍ ፋብሪካ በበዛባት ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚያ አገር ራግቢ የሚጫወተው አብዛኛው ሰው በከሰል ማዕድንና በፋብሪካ የሚሠራ ድኻ ነበረ። ቅዳሜ ለጨዋታ ከሥራው ሲቀር የቀኑ ደመወዝ ይቀርበታል። የራግቢ ማኅበር አለቆች ግን በገንዘብ መጫወት ነውር ነው በማለት ለዚህ ካሣ እንዳይከፈል ከለከሉ። ስለዚህም በ1895 ከ20 የሚበልጡ የሰሜን ክለቦች በሐደርስፊልድ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ተሰብስበው ከቀድሞው ማኅበር ተለዩ፤ የሰሜን ኅብረት የሚባል የራሳቸውን ማኅበርም አቋቋሙ። ለተጫዋቹ ስለ ጠፋበት የሥራ ቀን 6 ሺሊንግ እንዲከፈለው ፈቀዱ። ይህም ኅብረት በ1922 ስሙን ለውጦ ራግቢ ሊግ ተባለ።

ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። ከ1906 ጀምሮ በእያንዳንዱ ወገን የሚሰለፉት 13 ሰዎች ናቸው። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን በእጅ ተይዞ ይሮጡበታል፤ ባለጋራ ኳሱን የያዘውን ሰው ይዞ ይጥለዋል። በዚያን ዘመን ኳሱን ከባለጋራ መስመር አሳልፎ መሬት ያስነካ 3 ነጥብ፣ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ በእግሩ የመታ ደግሞ 2 ነጥብ ያገኝ ነበር።

ዋግስታፍ በ1906 ለሐደርስፊልድ ክለብ በአምስት የወርቅ ፓውንድ ፈርሞ ገና በ15 ዓመቱ ከትልልቆቹ ጋር ተሰለፈ። በ17 ዓመቱ፣ ማለት በ1909፣ ለእንግሊዝ ተጫወተ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነውም ክለቡ አምበል አደረገው። በዕድሜ የሚበልጡትን ሰዎች ማዘዝ ለአንድ ወጣት ቀላል ነገር አልነበረም። እርሱ ግን የተከበረው በጩኸት አልነበረም፤ ኳሱን ለራሱ ክብር ሳይዝ በደህና ቦታ ለቆመው ጓደኛው በጊዜው በማቀበል ነበር። ከእርሱ ጋር የተሰለፉትም ተራ ሰዎች አልነበሩም። አውስትራልያዊው አልበርት ሮዘንፌልድ በ1913–14 የጨዋታ ዘመን 80 ጊዜ መስመር አሳልፎአል፤ ይህንንም ቍጥር እስከ ዛሬ ድረስ የደረሰበት የለም። ቤን ግሮኖው በምት፣ ዳግላስ ክላርክ በጕልበት የታወቁ ነበሩ። ስለዚህ ሕዝቡ ቡድኑን የመክሊት ሁሉ ቡድን ብሎ ሰየመው።

በ1914 ዋግስታፍ የብሪታንያን ቡድን በአምበልነት መርቶ ወደ አውስትራልያ ተሻገረ። ከአውስትራልያ ጋር ከተወሰኑት ሦስት ግጥሚያዎች የመጀመሪያውን ብሪታንያ 23 ለ 5፣ ሁለተኛውን አውስትራልያ 12 ለ 7 አሸነፉ። ሁለቱም የተደረጉት በሦስት ቀን ውስጥ ስለ ነበር ከብሪታንያ ተጫዋቾች ብዙዎቹ ተጎድተው ተኝተው ነበር። የሦስተኛው ግጥሚያ ቀን ያለ ፈቃዳቸው በቀደመ ጊዜ የቡድኑ መሪዎች ተቃወሙ፤ ከአገራቸው የመጣው ቴሌግራም ግን እንዲጫወቱ የሚያዝ ሆነ። አቤቱታቸውን አሰምተው ስላልተሰማላቸው፣ ጁላይ 4 ቀን በሲድኒ ሜዳ ተሰለፉ። በዚያን ጊዜ ለተጎዳ ሰው ምትክ ማስገባት አይፈቀድም ነበር። ፍራንክ ዊልያምስ ጕልበቱ ተጣመመ፤ ቢሊ ሆል ራሱን ሳተ። ክላርክ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ታስሮለት ሊመለስ ሞከረ፤ አልሆነለትም። 13 የነበሩት ሰዎች 10 ቀሩ። ዋግስታፍ የቀሩትን ከመስመር ወደ መስመር እያዘዋወረ መከተ፤ በቦታው ሰው ስላልነበረ ከፊት ተጫዋቾች አንዱ የሆነው ቺክ ጆንሰን በክንፍ ቆሞ ኳሱን በእግሩ እየነዳ አሳለፈ። ብሪታንያም 14 ለ 6 አሸነፈች።

ጋዜጦች ይህን ግጥሚያ በ1879 ጥቂት የእንግሊዝ ወታደሮች ብዙ የዙሉ ጦር በተከላከሉበት በሮርክስ ድሪፍት ስም ጠሩት። ስሙ የእንግሊዞችን ወገን ብቻ የሚያከብር ነው፤ በዚያ ጦርነት አገራቸው የተወረረባቸው ዙሉዎች መሆናቸውን ግን እኛ አፍሪካውያን አንዘነጋውም።

ዋግስታፍ ወደ አገሩ በተመለሰበት በ1914–15 የጨዋታ ዘመን ሐደርስፊልድ የሚቻለውን አራቱንም ዋንጫ ወሰደ። የዮርክሽርን ዋንጫና የዮርክሽርን ሊግ አሸነፈ፤ በቻሌንጅ ዋንጫ ፍጻሜ ሴንት ሄለንስን 37 ለ 3፣ በሻምፒዮናው ፍጻሜ ሊድስን 35 ለ 2 ድል አደረገ። ከዚያ በፊት ሃንስሌት በ1908፣ ከዚያ በኋላም ስዊንተን በ1928 ከማድረጋቸው በቀር ይህን የፈጸመ ሌላ ክለብ የለም።

ነገር ግን ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበረ። ውድድሩ ተቋረጠ፤ ተጫዋቾቹም ወታደር ሆኑ። ከሐደርስፊልድ ሰዎች ፍሬድ ሎንግስታፍ በ1916 በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ሞተ። ክላርክ በ1917 በመርዝ ጋዝ ተጎዳ። ዋግስታፍም በጦሩ የማመላለሻ ክፍል አገለገለ።

ሰላም ከሆነ በኋላ በ1919–20 ሐደርስፊልድ እንደገና ሦስት ዋንጫ ወሰደ። ለሁለተኛ ጊዜ አራቱን ለመጠቅለል የቀረው የሻምፒዮናው ፍጻሜ ብቻ ነበር። ይህን ያደረገ ክለብ በፊትም አልነበረም፤ በኋላም አልተገኘም። ኤፕሪል 24 ቀን 1920 በሊድስ ከተማ በሄዲንግሊ ሜዳ ከሃል ክለብ ጋር ሲገናኝ ግን አምበሉ በመካከሉ አልነበረም። ዋግስታፍ፣ ክላርክ፣ ግሮኖው፣ ጆኒ ሮጀርስና ግዊን ቶማስ ለአገራቸው ተመርጠው ወደ አውስትራልያ የሚወስዳቸውን የባሕር ጕዞ ጀምረው ነበር።

ሃልም ቢሆን ያለ ድካም ዋንጫ የሚመኝ ክለብ አልነበረም። ፈጣኑ ተጫዋቹ ጃክ ሃሪሰን በ1917 በጦር ሜዳ ወድቆ ከፍተኛውን የጀግና ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ያገኘው ከሞተ በኋላ ነው። በ1913 ክለቡ በ600 ፓውንድ የገዛው ቢሊ ባትን ግን በዚያ ቀን ሜዳ ላይ ነበረ። ሐደርስፊልድ በግጥሚያው ሁሉ ያገኘው አንድ ምት፣ ማለት 2 ነጥብ ነው። ሃል ያገኘው ደግሞ ባትን መስመር ያሳለፈውን አንድ ኳስ፣ ማለት 3 ነጥብ ነው። በ3 ለ 2 ውጤት ሃል በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮናው ባለቤት ሆነ።

ብዙ ሰዎች ይህን ውጤት ሲያስቡ አምስቱ ሰዎች ባይሄዱ ኖሮ ዋንጫው አይታጣም ነበር ይላሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የነገሩ ሌላ ገጽ አለ። አንድ ቡድን አምበሉንና አራት ዋና ተጫዋቾቹን አጥቶ በአንድ ነጥብ ብቻ መሸነፉ የቀሩት ሰዎች ሥራቸውን የሚያውቁ እንደ ነበሩ ያሳያል። ሥራውን ሁሉ በራሱ እጅ ብቻ የሚይዝ አለቃ በሄደ ማግሥት ቤቱ ይፈርሳል። የዋግስታፍ ቤት ተናወጠ እንጂ አልፈረሰም።

ለአገር ሲሄዱ የክለብን ጥቅም መተው ግን በከንቱ የሚገኝ ክብር አይደለም፤ ዋጋው ይከፈልበታል። ዋግስታፍ በክለቡ ዋንጫ የከፈለበት ጕዞም ቢሆን ከአውስትራልያ ጋር በተደረጉት ሦስት ግጥሚያዎች በሁለቱ በመሸነፍ ተፈጸመ። በ1921–22 ግን አውስትራልያ ወደ እንግሊዝ በመጣች ጊዜ በእርሱ አምበልነት ብሪታንያ ከሦስቱ ሁለቱን አሸንፋ ክብሯን አስመለሰች።

ዋግስታፍ በ1925 ከጨዋታ ተሰናብቶ በጁላይ 1939 በ48 ዓመቱ ዐረፈ። በ1988 የብሪታንያ ራግቢ ሊግ የታላላቅ ተጫዋቾችን መዝገብ ሲከፍት ከተጻፉት ዘጠኝ ሰዎች አንዱ እርሱ ሆነ። ሮዘንፌልድም፣ ዋንጫውን ያሳጣው ቢሊ ባትንም በዚያው መዝገብ አብረውት ተጽፈዋል።

ዛሬ በትምህርት ቤት ያለው ወጣትና በመሥሪያ ቤት አዲስ የተሾመው ባለሥልጣን ከዚህ ሰው ሕይወት የሚማረው አለ። አቤቱታ ሲኖር በጊዜው ማሰማት፣ ሥራው ከተጀመረ በኋላ ግን በሙሉ ልብ መሥራት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተሾሙበት ቦታ የሚተካ ሰው ማዘጋጀት ይገባል። በሌለንበት ቀን የሚደረገው ግጥሚያ የኛም ግጥሚያ ነውና።