ከበረዶ አገር የመጣው ፈረሰኛ

በአገር ቤት ሳለን ስግድ የሚከበረው ክረምቱ አልፎ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ አዝመራው ሲያሸት ነበር። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ስግድን በኢየሩሳሌም አክብረን ወደ ቂርያት ጋት ስንመለስ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነው፤ ብርዱም ከዝናቡ ጋር ተከትሎ ይመጣል። በዚህ ወቅት ከአዲስ መጪ ቤተሰቦች ጋር ስንጨዋወት አባቶች ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አለ፤ ይኸውም በአገር ቤት ትተውት ስለመጡት ፈረስና በቅሎ ነው። ጋጡን ማደስ፣ ድርቆሹን መከመር፣ ሰኮናውን ከጭቃ መጠበቅ የለመደ እጅ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ይሥራ? ልጆቻችንስ ይህን ሁሉ ዕውቀት እንደ ተረት ቆጥረው እንዳይተዉት ምን እናድርግ?

ስለዚህ ዛሬ እንደ እናንተው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ዕድሜውን በኮርቻ ላይ ያሳለፈውን የአንድ ሰው ታሪክ እናቀርብላችኋለን። ስሙ አሌክሳንደር ዛይድ ይባላል። የጠቀስናቸው ዓመቶች ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዛይድ በ1886 ሳይቤሪያ ውስጥ በኢርኩትስክ አውራጃ ዚማ በምትባል ቦታ ተወለደ። ዚማ በሩሲያ ቋንቋ ክረምት ማለት ነው፤ ቦታዋም ስሟን አታሳፍርም። በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። በረዶ ስንል በሐምሌ እንደ ጠጠር ጣራ የሚደበድበውን አይደለም፤ እንደ ብዝት ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርደውን፣ ወርዶም ለወራት የሚተኛውን ነው። የሰሜን ሰዎች አመዳዩን ስለምታውቁት ነገሩ ይገባችኋል።

አባቱ የሩሲያ መንግሥት በፖለቲካ ምክንያት ወደ ሳይቤሪያ ያጋዘው አይሁዳዊ ነበር። እናቱ ደግሞ ሱቦትኒክ ከሚባሉት ወገን ነበረች። እነዚህ ሰዎች ከክርስቲያን ገበሬዎች መካከል ወጥተው ሰንበትን ማክበርና ኦሪትን መከተል የጀመሩ ናቸው። በዚህም ምክንያት ብዙ ስደት ደርሶባቸዋል። ስለ ይሁዲነታችን የተነሣው ጥያቄ ስንቱን ቤተሰብ እንዳስለቀሰ ለምታውቁት ለእናንተ፣ በዚህ አገር ስሙ ከከበረው የመጀመሪያ ጠባቂዎች አንዱ የእንዲህ ያለች እናት ልጅ መሆኑን ማወቅ ጥቂት አያጽናናም።

እንግዲህ በዚያ አገር ፈረስ ክረምቱን እንዴት ይወጣል? በክረምት ጸጉሩ እንደ በግ ጸጉር ይረዝማል፤ ይደድራልም። ጸጉሩ ደረቅ እስከ ሆነ ድረስ የገላው ሙቀት ወደ ውጭ ስለማይወጣ በጀርባው ላይ ያረፈው በረዶ እንኳ ሳይቀልጥ ይቆያል። ፈረስን ከደረቅ ብርድ ይልቅ የሚጎዳው እርጥበትና ነፋስ ሲገናኙበት ነው። ስለዚህ ከጉዞ የተመለሰ ሰው ራሱን ከማሞቁ በፊት የፈረሱን ላብ ማድረቅ፣ በደረቅ ሣር ማሸትና ግላስ ማልበስ አለበት። በብርድ ጊዜ ድርቆሽ ከገብስ ይበልጥ ያሞቀዋል፤ ሣሩ በአንጀቱ ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ይሰጣልና። አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ውኃው በረዶ ሆኖበት መጠጣት ከቀነሰ ግን ሆዱ ይደርቅና በቁርጠት ሊሞት ይችላል። በሰኮናው ውስጥ ተጠቅጥቆ የሚጋገረውን በረዶም በየጊዜው ማውጣት ያስፈልጋል። ከዚማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ርቀው በሚገኙት በያኩት ሰዎች አገር ደግሞ ፈረሶቹ በረዶውን በሰኮናቸው እየጫሩ ከሥሩ ያለውን ሣር ይግጣሉ።

ዛይድ በወጣትነቱ ወደ ቪልና ሄደ፤ ከዚያም በ1904፣ በ18 ዓመቱ፣ ወደዚህ አገር መጣ። በዚያን ጊዜ አገሩን የሚገዛው የቱርክ መንግሥት ነበር። የመጀመሪያ ሥራው ጥበቃም ግልቢያም አልነበረም፤ በሪሾን ለጽዮን በወይን ጠጅ መጥመቂያ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆነ። ከእናንተ መካከል በፋብሪካ ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ።

በ1907 በያፎ ከተማ፣ ኋላ የእስራኤል ሁለተኛ ፕሬዚዳንት በሆነው በይጽሐቅ ቤን ጽቪ ክፍል ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ተሰብስበው ባር ጊዮራ የሚባል የጥበቃ ማኅበር ሲመሠርቱ ዛይድ አንዱ ነበር። በ1909 ማኅበሩ ወደ ሐሾሜር ተለወጠ፤ ትርጉሙም ጠባቂው ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኞቹን የአይሁድ መንደሮች የሚጠብቁት የተቀጠሩ ዓረቦችና ቼርከሶች ነበሩ። አዲሶቹ ጠባቂዎች ከመንደሩ ጋር ውል ይገቡና ለተሰረቀው ንብረት ራሳቸው ይከፍሉ ነበር። አዲስ ሰውም ለአንድ ዓመት ተፈትኖ፣ ድምፅ ተሰጥቶበት ካልሆነ በቀር አባል አይሆንም።

ለእንዲህ ያለው ሥራ ፈረስ እንደ ጓደኛ ነው። በጨለማ መጀመሪያ የሚሰማው የፈረሱ ጆሮ ነው፤ ጆሮውን ሲቀስር ጋላቢው ይነቃል። በዚህ አገር ክረምት በሜዳው ላይ በረዶ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው። ነገር ግን ዝናቡ ጸጉርን ያረጥባል፤ የገሊላ ጥቁር አፈርም እንደ ወይና ደጋ መረሬ ጭቃ ሰኮና ይይዛል። ስለዚህ ከበረዶ አገር የመጣው ደንብ እዚህም ይሠራል፤ ፈረሱን ከሁሉ አስቀድሞ አድርቀው። ዛይድና ጓደኞቹ ግን በያዙት ዕውቀት ብቻ አልረኩም። ዓረብኛ ተማሩ፤ የጎረቤቶቻቸውንም ልማድና አለባበስ ወሰዱ።

ዛይድ ጽፖራ ቤከርን አገባ። እርሷም የሐሾሜር አባል ነበረች። በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በረሃብ ዘመን፣ የማኅበሩ ሰዎች በሰሜን ጫፍ ክፋር ጊላዲን መሠረቱ፤ የዛይድ ቤተሰብም በዚያ ኖረ። ከዚያ ሆኖ ለሚያይ በክረምት የሔርሞን ተራራ በረዶ ለብሶ ይታያል። በማርች 1920 በአጠገባቸው በቴል ሐይ ዮሴፍ ትሩምፔልዶርና ጓደኞቹ ሲገደሉ የክፋር ጊላዲ ሰዎችም ቤታቸውን ለቀው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ተመለሱ።

በ1926 ገደማ ዛይድ ቤተሰቡን ይዞ ዛሬ ቂርያት ቲቮን ካለችበት አጠገብ ወደ ሼኽ አብሬክ ኮረብታ ሄደና የቄረን ቃየሜት መሬት ጠባቂ ሆነ። በአካባቢው ሌላ የአይሁድ ጎረቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። በየቀኑ የሚዞርበትን ኮረብታ ጠንቅቆ ስለሚያውቀው በ1936 የጥንት መቃብር ዋሻ አገኘና ለሊቃውንት አስታወቀ። ቁፋሮው በዚያው ዓመት ሲጀመር ቦታው ቤት ሽዓሪም ሆኖ ተገኘ፤ ሚሽናን ያዘጋጁት ራቢ ይሁዳ ሐናሲ የተቀበሩበት ቦታ ነው። በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እውነቱን ሳንሸሽግ እንናገር። መሬቱ ከቤይሩት ባለጸጎች በገንዘብ የተገዛ ነበር፤ ነገር ግን ለዘመናት ያረሱበትና ከብት ያሰማሩበት ዓረቦች ነበሩ። ዛይድ ከእነርሱ መካከል ወዳጆችም ጠላቶችም ነበሩት። ከ1936 ጀምሮ አገሩ በሁከት ተሞላ። በጁላይ 10 ቀን 1938 ሌሊት፣ ወደ አዲሱ ኪቡጽ አሎኒም ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ አድፍጠው ገደሉት። ዕድሜው 52 ነበር።

ዛሬ በዚያ ኮረብታ ላይ ቀራፂው ዳዊት ፖሉስ የሠራው ሐውልት ቆሟል። ዛይድ በፈረሱ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ የተዘረጋውን የይዝርዔልን ሸለቆ ይመለከታል።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ዕረፍት ሲሆኑ ወደዚያ ውሰዷቸው። ሐውልቱን የሚያስረዳ መጽሐፍ ባታገኙ አትጨነቁ። ኮርቻው እንዴት እንደሚጫን፣ እርካቡ ለምን እንደሚያጥርና እንደሚረዝም፣ ልጓሙ አፉን ሲጎዳው ፈረሱ ምን እንደሚያደርግ፣ በአገር ቤት የነበራችሁም ባዝራ መልኳ ምን እንደ ነበር ንገሯቸው። ስለዚህ ነገር በዕብራይስጥ ቃል የሚያጥራችሁ እናንተ ብትሆኑም፣ በዚያች ቀን አስተማሪዎቹ እናንተ ናችሁ።

መልካም ክረምት ይሁንላችሁ።